በማውስ የሚያርሰው ወንድሜ

ወንድሜን መሥሪያ ቤት «ገበሬው» ነበር የሚሉት። በዘራችን አንድም ያረሰ ሰው የለም፤ አባታችን በያጅ፣ እናታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስሙን ያወጣለት አለቃችን ነው። አለቃችን ቀልድ ይወዳል፤ ቀልድ ግን እሱን አይወደውም። አንድ ቀን ከወንድሜ ወንበር ጀርባ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ወንድሜ የማውሱን ቀስት ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳዋል፤ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል፤ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳዋል። «አንተ ሰውዬ፣ እያረስክ ነው እንዴ? በሬዎቹ የታሉ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወንድሜም አብሮ ሳቀና ማረሱን ቀጠለ።

ለምን እንደሚያርስ የጠየቀው የለም። እኔ ልንገራችሁ። ዓይኑ እየከዳው ነበር። ጥቁርና ሰማያዊ አንድ ሆነውበታል፤ ከጎን የሚመጣ ሰው አይታየውም። ይህን ማንም ሳያውቅበት ሥራው ላይ ለመቆየት ነበር ትግሉ ሁሉ። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ከእሱ ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብዬ እቀመጣለሁ። ከእኔም ደብቆ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስናደድ አፌ አያርፍም፤ እሱ ራሱ «እሾሄ» እያለ የሚጠራኝ ለዚሁ ነው። ስለዚህ እንደመጣልኝ ነው የምናገረው።

ሥራው እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚገለገሉበት ኮድ ይሸጣል። ኮድ ያለ ማብራሪያ ደግሞ ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ነው። የእኛ ልጆች ኮዱን ሲጽፉ ከአናቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ሁለት ሦስት መስመር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ አንድ መሣሪያ ይህን ሁሉ ለቃቅሞ በራሱ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል። ገጹ መዓት ነው። በአንዱ ገጽ ላይ የሌላ ኮድ ስም ከተነሳ መሣሪያው ስሙን ሊንክ ያደርገዋል፤ ስትጫኑት ወደ ራሱ ማብራሪያ ይወስዳችኋል። ወንድሜ የእነዚያ ገጾች ጠባቂ ነበር። ሊንኩ ወደሚለው ቦታ ይሄዳል? የሞተ ሊንክ አለ? ማብራሪያው ለሰው ይገባል? እያለ ሲያነብና ሲጫን ይውላል። አሰልቺ ሥራ ነው። እሱ ግን ይወደው ነበር። አንዱ ልጅ ሊንክ ሰብሮ ሲያገኘው «ሰው መንገድ እንዳይጠፋበት እኮ ነው የምንከፈለው!» ብሎ ይቆጣል።

ትዳር አልያዘም። ለምን ሲሉት «እሾህ አሳድጌ እጄ ተወግቶ» ይላል፤ እኔን ማለቱ ነው። አባታችን ሥራ ካቆመ በኋላ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እዚህ መሥሪያ ቤትም ያስገባኝ እሱ ነው። የሚኖረው በአንዲት ክፍል ቤት ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ፣ በቃ። ማታ ከሥራ አብረን ነበር የምንወጣው። ደረጃው ላይ ሁልጊዜ «ሴት ትቅደም» ብሎ ከኋላዬ ይወርድ ነበር። ጨዋነቱ ይመስለኝ ነበር። ለካ እግሬን እያየ ነው እግሩን የሚያስቀምጠው።

በፊት ሊንኮቹ ሰማያዊ ሆነው ከሥራቸው መስመር ነበራቸው። ሰማያዊው ከዓይኑ ሲጠፋ ወንድሜ ብዙ አልተቸገረም፤ መስመሩ አለለት። ከሥሩ የተሰመረበት ሁሉ የሚጫን ነው። ያለቀ የደቀቀ ነገር።

መዘዙ የመጣው በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነው። የእኔ ሥራ የደንበኞችን እሮሮ መቀበል ነው፤ ሰው ሁሉ ተናዶ የሚጽፈው ለእኔ ነው፣ ጸባዬም የተበላሸው ለዚህ ይሆናል። አንድ ደንበኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የኮድ ስሞቻችሁ በሁለት ቃል መካከል የታች ሰረዝ (_) አላቸው፤ የሊንኩ መስመር ሰረዟ ላይ ተደርቦ ስለሸፈናት ክፍት ቦታ መሰለኝና ስሙን እንደዚያው ጻፍኩት፤ ስህተቴን ስፈልግ ቀኔ አለቀ። ሰውየው እውነቱን ነው። ለዲዛይነሯ አስተላለፍኩት፤ ነገም ቢመጣ አስተላልፋለሁ።

ዲዛይነሯን «አሳማሪዋ» ነው የምንላት። ወጣት ናት፣ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም፣ ክፉ ልብ የላትም። መስመሩን ከሊንኮቹ ሁሉ አነሳችና ቀለሙን ብቻ ተወችው፤ እሱንም ደማቁን ትታ ወደ ጥቁር የሚጠጋ፣ ረጋ ያለ ሰማያዊ አደረገችው። እውነቱን ለመናገር ገጹ አማረ። ሁላችንም ጎበዝ አልናት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ወንድሜ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ «እሾሄ፣ ሊንኮቹን አነሷቸው እንዴ?» አለኝ።

«አሉ እኮ፤ ሰማያዊዎቹ ናቸው» አልኩት ቀና ሳልል።

ወንበሩን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ «አዎ አዎ፣ አየኋቸው» አለ። ማረስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቀስቱ ሊንክ ላይ ሲደርስ ወደ እጅ ምልክት ይለወጣል፤ ያቺን እጅ እስኪያገኝ ነበር ገጹን የሚያስሰው። ዓይነ ስውር መንገዱን በበትሩ እንደሚዳስሰው ማለት ነው።

ቀጥሎ ያደረገው ከእሱ የማይጠበቅ ነገር ነው። መሣሪያው ያወጣው ፋይል ውስጥ ገብቶ መስመሩን በእጁ መለሰው። በዚያ ፋይል አናት ላይ «በመሣሪያ የተሠራ ነው፤ በእጅ አትንኩ፤ የነካችሁት ይጠፋል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ራሱ ነው! ስንቱን ልጅ ተቆጥቶበታል። መሣሪያው በሠራ ቁጥር ሁሉንም ከባዶ ነው የሚጀምረው። ፕሮግራመሮቹ አንዲት ነገር ባስተካከሉ ቁጥር ገጾቹ እንደ አዲስ ይወጣሉ፣ መስመሩ ይጠፋል፣ ወንድሜ ይመልሰዋል። ጠዋት የመለሰው ከምሳ በፊት የሚጠፋበት ቀን ነበር። መሣሪያው ትእዛዝ በሚቀበልበት በዋናው ቅንብር ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ይጸናለት ነበር፤ እዚያ ግን አሳማሪዋ ሳታውቅ መግባት አይቻልም።

በመጨረሻ ደረሰችበት። ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ «ጋሼ፣ መስመሩን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«መስመር የሌለው ሊንክ ሊንክ አይመስልም» አላት።

«የታች ሰረዟን ይሸፍናል እኮ።»

«ከፊደሉ ትንሽ ዝቅ እናድርገው። ዝቅ ካለ ሰረዟም ትታያለች፣ መስመሩም ይኖራል። ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።»

«እንደሚሠራማ አውቃለሁ። ግን ገጹ ላይ ያለው ሊንክ ብዛቱ! ሁሉ ሲሰመርበት የተማሪ ደብተር ነው የሚመስለው። ነገሩ የማማርና ያለማማር ከሆነ በዚህ የኔን ዓይን ቢያምኑት ይሻላል።» ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ቀጥላም «ሌላ ምክንያት አለዎት እንዴ ጋሼ? ካለ ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» አለችው።

ወንድሜ እስክሪብቶውን እያገላበጠ «የለኝም» አላት።

ያቺን «የለኝም» ከጠረጴዛዬ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለችኝም። ግትር ሰው ነው ብዬ ወደ እሮሮዬ ተመለስኩ።

የነቃሁበት አንድ እሑድ ቀን፣ ቤቴ ውስጥ ነው። ምሳ በልተን የልጄን የትምህርት ቤት ሹራብ እጠግናለሁ፤ ክርኑ ላይ ተቀዷል። የእናታችን የክር ሳጥን ወንድሜ ፊት ነው። «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ሰማያዊውን ክር አቀብለኝ» አልኩት። እጁን ሰዶ አንዱን አነሳ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው፣ ሰጠኝ።

ልጄ ሳቀች። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ጥቁር ነው!»

«አይ፣ ሰማ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። ፊቱን አየሁት።

ልጄን በሰበብ ሱቅ ልኬ በሩን ዘጋሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አንተ ሰው፣ አታድርቀኝ!»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ቆይቷል» አለ። «ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፣ አትጩኺ። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። ጠብታ አደርጋለሁ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ነው።»

«ከምን መጣብህ?»

«እንጃ» አለና ክሩን ወደ ሳጥኑ መለሰው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ንገራቸው! ያቺን መስመር እንደሆነ ልጅቷ በአንድ ቃል ትመልስልሃለች።»

«እሾሄ፣ አባዬን ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። አባታችን ዓይኑ ሲጠፋ ሰው ሁሉ የብየዳው እሳት ነው የበላው አለ፤ እኛም እንደዚያው አመንን። ይሠራበት የነበረው ጋራዥ «አናባርርህም» ብሎ በር ላይ ወንበር ሰጠው፤ ዘበኛ ተባለ። የሚገባውን የሚወጣውን የማያይ ዘበኛ! የጋራዡ ልጆች ብረት ተሸክመው በፊቱ እያለፉ «ደህና ዋሉ አባባ» ይሉታል። እሱም መርቆ ይሸኛቸዋል። ምሳ የሚያደርስለት ወንድሜ ነበር፤ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ያይ ነበር።

«እኔ በር ላይ አልቀመጥም» አለኝ። «በሞቴ፣ እንዳትናገሪ።»

በሞቴ ካለ ምን እላለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፤ የእኛ ግን ነቀዘ።

አዲሶቹ ገጾች ለትልልቆቹ ደንበኞች የሚታዩበት ቀን መጣ። የስብሰባው ክፍል ጢም ብሏል፤ ገጹ ግድግዳው ላይ ተዘርግቷል። አለቃችን «ከገበሬው በላይ የሚያውቀው የለም፤ እሱ ያሳያችሁ» ብሎ ወንድሜን ወደ ፊት ጠራው። መዘጋጀቱን አውቃለሁ፤ የትኛው ስም የቱ ጋ እንዳለ በቃሉ አጥንቶት ነበር። አንዱን ጫነ፣ ገጹ ተከፈተ። ሌላውን ጫነ፣ ተከፈተ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ አንዱ ደንበኛ «እዚያ ታች፣ ፋይል ስለመዝጋት የሚለው ላይ ይግቡልን» አለ። ያላጠናው ነው። ወንድሜ ማውሱን ያዝ አደረገ። ቀስቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ወረደ። ተመልሶ መጣ። ግድግዳ በሚያክል ገጽ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ማረስ ጀመረ። አለቃችን «ገበሬው ሥራ ጀመረ!» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ቀስቱ ሊንኩን ለጥቂት ስቶት አለፈ።

«ሰማያዊው፣ እሱ ጋ!» አለ ደንበኛው። «ከፍ ይበሉ… አለፉት። ዝቅ… አለፉት።»

ሳቁ ቆመ። ወንድሜ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ሄደ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁት። ማውሱን ለቀቀና እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። «አይታየኝም» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ያልሰማ የለም። ተነስቼ ሄጄ ሊንኩን እኔ ጫንኩት።

አሳማሪዋ መታጠቢያ ክፍል ገብታ አለቀሰች። «ጠይቄያቸው ነበር እኮ! ሌላ ምክንያት አለዎት ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር!» ትለኛለች እጄን ይዛ። ምን ልበላት? ጠይቃዋለች። በማግስቱ መስመሩን ከፊደሉ ዝቅ አድርጋ መለሰችው፤ ዋናው ቅንብር ውስጥ አስገባችው፤ መሣሪያው ስንቴም ቢሠራ አይጠፋም። ቀላል ሥራ ነበር፤ ከምሳ በፊት ጨርሳዋለች።

ለወንድሜ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። አለቃችን ቢሮው ጠራን። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «እኛ ቤተሰብ ነን፤ አናባርርህም» አለው። «ገጹን ግን ሌላ ሰው ይያዘው። አንተ ታች፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ብትሆን ምን ይመስልሃል? ወንበር አለ፣ ስልክ አለ፣ አትቸገርም።» ደግ የሠራ መስሎታል ሰውየው።

«መስመሩ ተመልሷል! በመስመሩ ይሠራል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተይ» አለኝ ወንድሜ። ከዚያ ለአለቃችን «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ቅስሙ ተሰብሮ ነበር። አይታየኝም ያለ ሰው፣ ይታየኛል ቢል ማን ይሰማዋል?

አሁን በር ላይ ተቀምጧል። በጎን በኩል ስገባ አያየኝም፤ የጫማዬን ድምፅ ሲሰማ ነው ዞር የሚለው። «ደህና አደርሽ እሾሄ» ይለኛል። ከኋላዬ የሚገቡት ልጆችም «ደህና አደሩ ጋሼ» ብለውት ያልፋሉ። ገበሬው የሚለው የለም። ያንን ስም ይናፍቃል ብል ታምኑኛላችሁ? እኔ ለእሱ ስል ናፍቄዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሐኪም ጋ ብቻውን አይሄድም፣ እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። አልወደደውም። «ሥራ አለሽ፣ ምን ያንከራትትሻል» እያለ ሊያስቀረኝ ሞከረ። ማን ሰምቶት! ሐኪሟ ዓይኑን አይታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

«እህቱ።»

«የእናትና የአባት?»

«አዎ።»

«ኧረ እንኳን መጡ! እህትዎን ይዘው ይምጡ ካልኳቸው እኮ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ይህ በሽታ በዘር ይመጣል። የአባታችሁን ነገር ነግረውኛል፤ ብየዳ ብቻ አይመስለኝም። ሳያም፣ ሳያስታውቅ ነው የሚበላው። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይያዛል።»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቷል።

«ነግረውህ ነበር?»

«አፍሽ አያርፍም» አለ በለሆሳስ። «ብነግርሽ ትጮኺያለሽ፣ መሥሪያ ቤት ይሰማል ብዬ ነው። ዛሬ ነገ ስል…»

ፊቴን ወደ ሐኪሟ አዞርኩ። ብናገር የማልመልሰው ቃል ነበር የሚወጣኝ።

እዚያው ተመረመርኩ። አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ፣ አንድ ዓይኔን ሸፍና፣ መሀል ያለችውን መብራት ብቻ እያየሁ ከዳር ብልጭ የምትል ነጥብ ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። ጫንኩ፣ ጫንኩ። ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ፤ አንዲትም ያመለጠችኝ አልመሰለኝም። ወረቀቱ ሲወጣ የግራ ዓይኔ ሥዕል ከላይ በኩል ጠቁሯል። እዚያም ነጥቦች ብልጭ ሲሉ ነበር ለካ።

«ጀምሯል» አለች ሐኪሟ። «ያኔ መጥተው ቢሆን ኖሮ እዚህ ሳይደርስ ልንይዘው እንችል ነበር። ልጅ አለዎት?»

«አንዲት ሴት ልጅ።»

«ያምጧት።»

ስወጣ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ፣ የአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ። የማወርድበትን ሁሉ ውስጥ ሆኜ ሳዘጋጅ ነበር። ፈሪ፣ ራስህን ብቻ የምትወድ፣ የአንተ ኩራት የእኔን ዓይን በላው፤ ስንቱን! ኮቴዬን ሰምቶ ቀና አለ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን።

«ምን አለችሽ?» አለ። በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ላውርድበት?

«ደህና ነሽ ብላኛለች» አልኩት።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ምንም የለብሽም አለችኝ።»

«ተመስገን!» አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የአባዬ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። እንባው ሲያበቃ ክንዱን ይዤ ደረጃውን አወረድኩት።

በማግስቱ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ወሰድኳት። እሷን አልዋሸኋትም፤ የአያቷንም፣ የአጎቷንም፣ የእኔንም በመንገድ ላይ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ለአጎቷ ያልኩትንም ጭምር። እሷም አገጯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ቁልፏን ጫነች። ወረቀቷ ንጹሕ ነው፤ ለአሁኑ። በየዓመቱ ትምጣ ተባልን። ስንመለስ ፋርማሲ ገብተን የእኔን ጠብታ ገዛን፤ ወንድሜ የሚያደርገው ዓይነት ነው፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው ክዳን። ልጄ ተቀብላኝ እያገላበጠች ስታየው ቆየችና፣

«እማዬ፣ አጎቴ ቤት ሲመጣ የት ነው የምንደብቀው?» አለችኝ።

ጠርሙሱን ተቀበልኳትና ቦርሳዬ ውስጥ ከሥር ከተትኩት።